የአባዬ ሰባት ቁጥር

ሰኔ 23 ቀን 2017፣ ሰኞ

ሥራ ተገኘ። የሁለት ወር ቢሆንም ሥራ ነው፣ ተመስገን።

መኪና አከራዩ ድርጅት ለእርዳታ ቢሮዎች ያከራያቸው የነበሩትን አሥራ አራት ፒክአፖች ሊሸጥ ነው። ኮንትራቱ አልቋል፣ ቢሮዎቹም ሸክፈው ሄደዋል። መኪኖቹ ከሰቆጣ መውጫ ባለው ግቢ ውስጥ በሁለት ረድፍ ቆመው ዝናብ ይወርድባቸዋል። የእኔ ሥራ እያንዳንዱን ከጎማ እስከ ጣሪያ መርምሬ ፎርም መሙላትና ከታች አንዲት ፊደል መጻፍ ነው። ሀ ማለት እንዳለ ይሸጥ። ለ ማለት ተጠግኖ ይሸጥ። ሐ ማለት ሰው አይሳፈርበትም፣ ተፈትቶ ለመለዋወጫ ይሸጥ። ከፊደሏ ሥር ስሜና ፊርማዬ።

ከደሴ የመጣው የድርጅቱ ተወካይ ምስክር ይባላል። ልጅ እግር ነው፤ ጫማውን ከጭቃ ለማዳን እንደ ዶሮ እየመረጠ ይረግጣል። ሹፌሮቹ የነዱትን መኪና ከማንም ቀድመው የመግዛት መብት እንዳላቸው ነገረኝ፤ መኪናው ሀ ወይም ለ ካገኘ ማለት ነው።

ያኔ አወጣሁት። "ሰባት ቁጥርን ዘጠኝ ዓመት የነዱት አባቴ ናቸው። ሊገዙትም አስበዋል። ለእሱ ሌላ መካኒክ ብትፈልግ ይሻላል።"

ሳቀብኝ። "ሰቆጣ ውስጥ ዘመድ የሌለው መካኒክ ከየት ልውለድልሽ? መርምሪ፣ ያየሽውን ጻፊ።"

ያየሁትን እጽፋለሁ። ምን ችግር አለው።

ሰኔ 26

አንድ ቁጥርና ሁለት ቁጥር አለቁ። ሁለቱም ለ። የሁለት ቁጥር ፍሪሲዮን አመድ ሆኗል። መኪና ማንሻው ክሪክ ጭቃው ውስጥ እየሰመጠ ድንጋይ ስሸከም ዋልኩ። ወገቤ ወገቤ አይደለም።

አባዬ ቤት ስገባ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። "ደረስሽበት?"

"ገና ነኝ አባዬ። በተራ ነው የምሄደው።"

"እሱ ምንም የለበትም። ጊዜሽን አታባክኚበት።"

ሐምሌ 2

ዛሬ አራት፣ አምስትና ስድስት። ይኼን ሥራ እወደዋለሁ፣ አልዋሽም። ሰው ደብዳቤ አንብቦ የማያገኘውን እኔ ከመኪና ሥር ተጋድሜ አገኛለሁ። የስድስት ቁጥር ምንጣፍ ሥር የፈሰሰ ስንዴ በቅሎ አረንጓዴ ሆኗል። ከወንበሩ ሥር አንድ እግር የሕፃን ኮንጎ ጫማ ወጣ። ማንን ሲያሸሽ ይሆን የቀረው? ጥዬው መምጣት አልቻልኩም፣ መሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ ከተትኩት።

አምስት ቁጥርን የነዳው ሰው አጭር ነው፣ ግራ እግሩንም ከፔዳሉ ላይ አያነሳም። ሰውየውን አይቼው አላውቅም። ወንበሩ ወደፊት ተጎትቶ ዝጎ ቀርቷል፤ የፍሪሲዮኑ ፔዳል ጎማ ተልጦ ብረቱ ወጥቷል። ይኼንኑ ለምስክር ስነግረው ስልኩን አወጣና ደሴ ደውሎ አጣራ። እውነት ሆኖ ተገኘ።

"አንቺ ጠንቋይ ነሽ እንዴ?" አለኝ፣ ሁለት እርምጃ ወደኋላ እየሄደ።

ደስ አለኝ። ቤት ገብቼ ለእማዬም ጉራዬን ነዛሁ። አባዬ ጥግ ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር፤ እንደ ወትሯቸው አልሳቁም።

ሐምሌ 5

ዝናብ። ፎርሙ ረጠበ፣ እንደገና ጻፍኩ። ስምንት ቁጥር ሀ። ሀ! የመጀመሪያዋ። እጄ ቀዝቅዞ ብዕር አልይዝ አለኝ። ይብቃኝ።

ሐምሌ 9

አባዬ ዛሬም ግቢው በር ድረስ መጡ። ውስጥ መግባት አይፈቀድላቸውም፤ ስለዚህ ከዘበኛው ከጋሽ ወልደ ጻድቅ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሰባት ቁጥር ወደቆመበት ይመለከታሉ። ጋሽ ወልደ ጻድቅ ዱሮ ዲያቆን ነበሩ፤ በሩን የሚጠብቁት ዳዊት እየደገሙ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ወሬው በአገዎቹ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ይሆንና እኔ ግማሹን ብቻ እይዛለሁ።

ጠዋት ግን አሳቁኝ። ጋሽ ወልደ ጻድቅ ካፖርታቸውን ከበሩ ምሰሶ ላይ ሰቅለው ዞር ብለው ነበር። አባዬ ሲመጡ ቀጥ ብለው ለካፖርታው ጎንበስ አሉለት። "እንደምን አደርክ ወልዴ፣ ቤተሰብ ደኅና? ከብቱስ?" መልስ ሲያጡ ደግመው ጠየቁት። እኔ ከአሥር ቁጥር ሥር ሆኜ በሳቅ ሞትኩ።

ጭጋግ ነበር። በሐምሌ ሰቆጣ ጭጋጉ ከወረደ የራስን እጅ አያሳይም።

እራት ላይም ውኃውን ከብርጭቆው ውጭ ቀዱት። እማዬ በጨርቅ ጠረገችው። መብራት ጠፍቶ ነበር። አሁን ሳስበው መብራቱ የጠፋው ከእራት በኋላ ነው። ያም ሆነ ይህ ደክሟቸዋል፣ ሥራ መፍታት ያደክማል።

ሐምሌ 16

ኪዳነ ምሕረት። የአባዬ ማኅበር ዛሬ እኛ ቤት ዋለ። ጠላ ሳቀርብ፣ እንጀራ ስጨምር ዋልኩ፤ ጆሮዬ ግን እሳቸው ዘንድ ነበር።

"ሰባት ቁጥር የእኛ ይሁን እንጂ" ይላሉ አባዬ፣ "ከደሃና ተራራ ወላድ በቃሬዛ አትወርድም። ሌሊትም ይሁን ጥሩኝ። እስከ ላይኛው ቀበሌ ድረስ እወጣለሁ፣ መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ።"

ከደሃና የመጡት እትዬ እማዋይሽ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። የልጃቸው ሚስት ዓምና በቃሬዛ ላይ ነው ያረፈችው፣ አራት ሰዓት ሙሉ ቁልቁል ሲወርዱ። ሁሉም ሰው መረቀ። ከዚያ አባዬ ወደ እኔ አቅጣጫ ዞሩና "ዝናሽ ትፈርማለች፣ አለቀ" አሉ። ምርቃቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጭንቅላቴን ደፍቼ "አሜን" አልኩ።

እንደ እሳቸው ያለ ሹፌር የለም። ይኼን ልጃቸው ስለሆንኩ አይደለም የምለው። መንገድ ላይ ሰው አልፈው ሄደው አያውቁም። ልጅ ሳለሁ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው መሪውን ያስይዙኝ ነበር፤ መካኒክ የሆንኩትም ሌላ ሰው መኪናቸውን ሲነካባቸው ስለሚናደዱ ነው።

ሐምሌ 23

አሥራ ሦስት መኪና አለቀ። ምስክር ሰሌዳውን አየና "ሰባትን ዘለልሻት" አለ።

"መጨረሻ ላይ ትሻለኛለች።"

"ለምን?"

"እንዲያው ነው።"

እንዲያው ነው።

ሐምሌ 26

ዛሬ ሰባት ቁጥርን ያዝኩ። ሁሉንም ልጽፈው፣ ካልጻፍኩት አልተኛም።

ሞተሩ እንደ ሰዓት ነው። ዘይቱ ንጹሕ፣ ካምቢዮው ለስላሳ። ዳሽቦርዱ ላይ የኪዳነ ምሕረት ሥዕል። ወንበሩ ላይ የአባዬ ጋቢ ሽታ አለ፤ ቁጭ ብዬ ትንሽ ቆየሁ።

ከዚያ ዙሪያውን ዞርኩ። የቀኙ ስፖኪዮ፣ የኋላ ማሳያው መስታወት፣ የራሱ አይደለም፣ ተለውጧል፤ እሱም ተሰንጥቋል። የቀኙ በር ከጫፍ ጫፍ ተፍቋል። ከጎማው በላይ ያለው የቀኝ ፓራፋንጎ ተደብድቦ በስቱኮ ተሞልቷል። የቀኙ ፍሬቻ በፕላስተር ተይዟል። የቀኝ የፊት ጎማ ጎኑ ተቆርጧል። ግራው እንደ ሙሽራ ነው። ሁሉም ጉዳት ከሁለት ዓመት ወዲህ የደረሰ ነው፤ ዝገቱ ገና ቀይ ነው።

የደሃና መንገድ ጠባብ ነው፣ ሲወጡ ቀኙ ሁሉ ግንብ ነው። የስምንት ቁጥር ሹፌርም በዚያው መንገድ ነው የሚመላለሰው፤ የእሱ ቀኝ ንጹሕ ነው። እንግዲህ ሰው ይለያያል።

ፎርሙ ላይ ሁሉንም ጻፍኩ። ይኼ ሁሉ ቢሆን ለ ነው፣ ላሜራ ነገር ነው ብዬ ደስ እያለኝ ሥር ገባሁ። መዶሻዬን ይዤ መኪናውን ሁሉ የሚሸከመውን ብረት፣ ሻንሲውን፣ ከፊት ወደ ኋላ ስመታ ሄድኩ። ጤነኛ ሻንሲ ሲመቱት ይጮኻል። የሰባት ቁጥር እስከ መሃል ጮኸ፣ ከዚያ ዝም አለ። ደግሜ መታሁት። ዱቄት የሞላበት ጆንያ እንደመምታት።

ሻንሲው ጎን ላይ ባለው ቀዳዳ ጣቴን ሰደድኩ። ነጭ ፍርፋሪ ይዞ ወጣ። የብረት ዝገት ነጭ አይሆንም። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ምላሴ ላይ አደረግሁት።

ጨው ነው። የአሞሌ ጨው።

ሐምሌ 27

ለማንም አልነገርኩም። አባዬ "ደረስሽበት?" አሉ። "ጀምሬዋለሁ" አልኳቸው። "ሞተሩን ሰማሽው?" "ሰማሁት፣ ያምራል።" ፊታቸው እንደ ልጅ በራ። አንጀቴን በሉት።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። አባዬ ከቅዳሴ ሲመለሱ መንገድ ላይ ጠብቄ ጠየቅኋቸው። "አባዬ፣ ሻንሲው ውስጥ ጨው ምን ይሠራል?"

ቆሙ። ከዚያ ሳቁ፣ እንባ እስኪመጣባቸው። "አገኘሽው? አይ አንቺ! ኬላ ላይ ስንቱ ፈትሾ ያላገኘውን!"

መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ነው ነገሩ። ደሃና ውስጥ ሰው ወጡን ያለ ጨው ይበላ ነበር። ከብቱ ጨው ፍለጋ የቤት ግድግዳ ይልስ ነበር። አባዬ ለቢሮው ሥራ ሲመላለሱ ከታች አሞሌ ያገኛሉ፤ ግን ኬላ ላይ የጭነቱን ስፖንዳ ይፈትሻሉ፣ ወንበር ያገላብጣሉ፣ ያገኙትን ይወስዳሉ። እና አሞሌውን ሰባብረው በቀዳዳው በኩል ሻንሲው ውስጥ ጠቀጠቁት። ደሃና ሲደርሱ በሽቦ እየቆረቆሩ ያወጡና ለየቤቱ ጭብጥ ጭብጥ ያካፍላሉ። ሁለት ክረምት ሙሉ። ለእማዬም አልነገሯትም፣ እንዳትፈራ።

"ሁሉንም አወጡት?"

"የመጨረሻዋን ግን ተውኳት። ለክፉ ቀን ትሁን ብዬ።"

ሦስት ዓመት! ሦስት ክረምት እዚያ ውስጥ እየረጠበ። "አባዬ፣ ጨው እኮ ብረት ይበላል!"

በመገረም ዞሩብኝ። "ቋንጣን ዓመት የሚያቆይ ጨው ብረት ያበሰብሳል ብሎ ማን ያስባል?"

ምን ልበል? አቅፌ ልስማቸው ወይስ ልጩህባቸው? ሁለቱንም አላደረግሁም። "ስለዚህ ምን ይሆናል?" አሉኝ። "ገና አልጨረስኩም" አልኳቸው። ጨርሻለሁ። ውሸታም ነኝ፣ ያውም በጾም።

ነሐሴ 4

እማዬን ለብቻዋ ነገርኳት። ነገር አዋቂ ናት፤ ንብረት አያጓጓትም፣ ግን ባሏን ትወዳለች። ሽሮውን እያማሰለች "አንዲት ፊደል ናት ልጄ" አለች።

"እማዬ፣ ሻንሲው ሰው አይሸከምም።"

"ብየዳ የለም እንዴ?"

"የበሰበሰ ብረት ብየዳ አይዝም። ሙሉውን ካልቀየሩት።"

ከዚያ ማማሰያውን ይዛ "እኔ የምልሽ" አለች፣ "መኪናዋ ብትቀርባቸውስ ይሻላቸው ይሆን?" ምን ማለትሽ ነው አልኳት። "እንዲያው ነው" አለች። የእኔኑ ቃል።

ምስክር ደግሞ ከሰዓት በኋላ መጣ። ከደሴ እየደወሉ አጣደፉት መሰለኝ። "ስሚ፣ አባትሽን ጋሽ ትእዛዙን እኔም ወደድኳቸው። ለ ስጪያቸው፣ ቀስ ብለው ይነዱታል። ማን ያያል?" ደግነቱ ነው። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ነሐሴ 7

በእርሳስ ለ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ካቻቢቴ ይዤ እንደገና ሥር ገባሁና ዝም ያለውን ቦታ ገፋሁት። እስከ እጀታው ገባ። ዳቦ ላይ ቢላ እንደመሰካት።

እዚያው ጭቃው ላይ ተኝቼ ሰዎቹን ቆጠርኳቸው። ከኋላ ስምንት ሰው ይጫናል። እትዬ እማዋይሽ፣ አንዲት ወላድ፣ ባሏ፣ የያዟት ሴቶች። ቁልቁለቱ ላይ ሻንሲው ሲሰበር ማን ከየት እንደሚወድቅ ሁሉ አየሁት። መሪውን የያዙት አባቴ ናቸው። ወጥቼ ለ ያልኳትን አጠፋሁ።

ሐ ግን አልጻፍኩም። ቦታው ባዶ ነው። ፈሪ።

ነሐሴ 11

ዛሬ አባዬ ግቢው በር ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው አስጠሩኝ። "ፎርሙን አምጪው" አሉ። ጋሽ ወልደ ጻድቅ ዳዊታቸውን አጥፈው ራቅ አሉልን። ፎርሙን ላመጣ ገባሁና ኮፈኑ ላይ አስደግፌ ሐ ጻፍኩ፣ በብዕር።

ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ወደ ግራ ፊታቸው አስጠጉ፣ አራቁ፣ መለሱልኝ። "ጽሕፈትሽ የዶሮ ጭረት ነው፣ አንብቢልኝ።" ጽሕፈቴ ቆንጆ ነው። ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

አነበብኩ። "የቀኝ ስፖኪዮ የተለወጠ፣ የተሰነጠቀ። የቀኝ በር የተፋቀ። የቀኝ ፓራፋንጎ በስቱኮ የተሞላ። የቀኝ ፍሬቻ..." ስጽፈው ያልሰማሁትን ሳነበው ሰማሁት። "የቀኝ የፊት ጎማ" ብዬ ቆምኩ።

"የታችኛዋን ፊደል" አሉ።

"ሐ፣ አባዬ። ሻንሲው። ጨው በልቶታል።"

እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር፣ መሪ እንደያዘ ሰው ተጨብጦ። ቢሰድቡኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ ቀስ ብለው "የእኔንስ?" አሉኝ። "የእኔን ፊደል ምን አልሽው?"

"ምን ማለትዎ ነው?"

"ዝናሽ። አንቺ ከፔዳል ላይ የሰው ቁመት የምታውቂ ልጅ ነሽ።"

"እርስዎን አልመረመርኩም" አልኳቸው።

"እንግዲያው መርምሪኝ።"

ከድንጋዩ ተነሳሁ። በቀኛቸው በኩል አንድ እርምጃ ርቄ ቆምኩና ሦስት ጣቴን አነሳሁ። "ስንት ነው?"

ፊታቸውን አላዞሩም። "ምኑ?" አሉኝ።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ልጆቹ ደጃፋችን ጨፈሩ። አባዬ ሙልሙል አካፈሉ። ከእኔ ጋር አልተነጋገሩም፤ እኔም ዓይናቸውን ማየት ፈራሁ። የምን ዓይን! ምን ዓይነት ቃል ነው የምጽፈው።

ነሐሴ 16

ጾም ተፈታ። ደብሩ ሞልቶ ፈሰሰ፣ ልጃገረዶቹ የሻደይ ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ከቤት ቤት እየዞሩ ነው። ማኅበሩ ጋሽ ወልደ ጻድቅ ቤት ነበር። እኔ መሄድ አልፈለግሁም፣ እማዬ ጎትታ ወሰደችኝ። እትዬ እማዋይሽ እንደተቀመጡ ጠየቁ፦ "መኪናችን መቼ ነው የምትወጣልን?"

ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ ተመኘሁ። አባዬ ዋንጫቸውን አስቀመጡና ተነሱ።

"መኪናዋን ጨው በላት" አሉ። "ጨውን ደግሞ እናንተ በላችሁት። እኔም በልቻለሁ። ስለዚህ ማንም ማንንም አይወቅስም።"

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ሲገባቸው ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እትዬ እማዋይሽ እየሳቁ አለቀሱ፤ "ያቺን ጨው እኮ በጨርቅ ቋጥሬ ሦስት ወር ነው የበላኋት" አሉ። አባዬ ግን አልተቀመጡም። "ሌላም አለ። መኪናዋ ደኅና ብትሆንም የሚነዳላችሁ ሌላ ሰው ነው። ቀኝ ዓይኔ አያይም። ግራውም እየደከመ ነው። ሁለት ዓመት ደብቄያችኋለሁ፤ ይቅር በሉኝ።"

ሳቁ ቆመ። አንድ ሰው "እግዚአብሔር ይፍታዎት" አለ። ጋሽ ወልደ ጻድቅ ተነስተው ግንባራቸውን ሳሟቸው።

እንዲህ ያለ አባት አለኝ። ኮራሁ። በራሴ አፈርኩ፣ በእሳቸው ኮራሁ። ቤት ስንገባ "ደሴ የዓይን ሐኪም አለ፣ ወሩ ሳያልቅ እንሄዳለን" አልኳቸው። "እሺ" አሉ። እሺ! አባዬ እሺ ብለው አያውቁም።

ነሐሴ 20

ሰባት ቁጥር ለመለዋወጫ ተሸጠ። የጋራዥ ሰዎች ሊፈቱት ሲመጡ ምስክር አባዬን ግቢ ውስጥ አስገባቸው። የመጀመሪያውን ብሎን እሳቸው ፈቱት፣ በዳሰሳ፣ ቁልፉን አንዴም ሳይስቱ። ምስክር ጭቃውን ረስቶ ጫማው ተበላሽቶ ነበር።

ነሐሴ 27፣ ደሴ

አውቶቡስ ላይ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጥን። አባዬ ሰው ሲነዳ ቁጭ ብለው ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። እስከ ወልድያ ድረስ ሹፌሩን አላስቀመጡትም። "ማርሽ ቀንስ ልጄ። ኧረ ቁልቁለት ነው! ፍሬኑን አታቃጥለው።" ሹፌሩ በመጨረሻ "አባቴ፣ ይምጡና ይንዱት" ቢላቸው "ድሮ ቢሆን" አሉት። ወደ መስኮቱ ዞሬ አለቀስኩ።

ሐኪሙ ብዙ መረመራቸው። የዓይን ግፊት ነው አለ። የቀኙ አልቋል፣ አይመለስም። የግራው ጠብታ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ዕድሜ ልክ፣ ሳይቋረጥ ከተደረገለት ይቆያል።

"መቼ ነው የጀመረዎት?" ብሎ ጠየቃቸው።

"ዘንድሮ ክረምት ነው" አሉ አባዬ።

"አይደለም" አልኩ። ከአፌ ወጣ። "ዓምና ፋሲካ ከደሃና ስንመለስ አንዲት ሴት ከነልጇ በቀኝ በኩል ቆማ ነበር። አላዩዋትም። እኔ ጮኼ ነው የቆሙት። ከዚያ በፊትም ሳይኖር አይቀርም።" ሐኪሙ ጻፈው። "ያኔ ብናመጣቸው" አልኩት፣ "ቀኙ ይተርፍ ነበር?"

ብዕሩን አስቀመጠ። "ጥቂቱ ይተርፍ ነበር" አለኝ።

ይኸው ጻፍኩት። ሰኔ ላይ አይደለም ያወቅሁት፤ ካፖርታው ላይም አይደለም፣ ፎርሙ ላይም አይደለም። ከዓምና ፋሲካ ጀምሮ ነው። ከዓመት በላይ ጭጋግ ነው፣ ድካም ነው፣ መብራት ነው አልኩ። የሰው መኪና በመዶሻ እየደበደብኩ ያለችውን ስንጥቅ ሁሉ ስጽፍ፣ አባቴን ማየት አቃተኝ። ያላየሁት ካየሁ መንገዱ ስለሚያበቃባቸው ነው። ደስታቸውን ልጠብቅ ብዬ ዓይናቸውን አስበላሁ።

ከሐኪም ቤቱ ስንወጣ ይኼን ሁሉ ነገርኳቸው። መንገድ ዳር ቆመን፣ ሰው እየገፋን። ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው።

"ዓይኑ የማን ነው?" አሉኝ።

"የእርስዎ።"

"እና አንቺ ምን ቤት ነሽ? እኔ ሁለት ዓመት እያወቅሁ ደብቄ፣ አንቺ ልትወቀሺ! በይ ተይ አሁን፣ ራበኝ።" ከዚያ በኽምጣኛ፣ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ስወድቅ የሚሉኝን አሉኝ። እሱን እዚህ አልጽፈውም። ለራሴ ይሁን።

መስከረም 6 ቀን 2018

ስምንት ቁጥርን ማኅበሩ በጋራ ሊገዛው ይመካከራል። ሀ ነው፤ ራሴ ፈርሜበታለሁ። ማን ይንዳው የሚለው ላይ ተጨቃጭቀው ስሜን አነሱ፣ አባዬም "ታስቸግራችኋለች፣ በየመንገዱ ቆማ መዶሻ ታነሳለች" አሏቸው። የሚሆነውን አያለሁ።

ጠብታውን ጠዋትና ማታ የማደርግላቸው እኔ ነኝ። እማዬ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ራሳቸው ደግሞ ያባክኑታል። ዛሬ ጠዋት ወንበሩ ላይ አስደግፌ፣ የዓይናቸውን ቆብ በአውራ ጣቴ ወደ ላይ ይዤ፣ ጠርሙሷን ዘቅዝቄ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ሳነጣጥር ከታች ሆነው በግራ ዓይናቸው አዩኝ።

"ቀስ በይ እንጂ፣ ዘይት የምትቀይሪ መሰለሽ እንዴ?"

ሳቄ መጣና ጠብታው ጉንጫቸው ላይ ፈሰሰ። በመዳፌ ጠረግሁላቸውና እንደገና አደረግሁላቸው።